ሳይቀዱ የቀሩ አራት ስንኞች

አንባቢዋን ድካም የያዛት ከጉሮሮዋ ጀምሮ ነው። ሌላው ሠራተኛ ወገቤን ይላል፣ ጉልበቴን ይላል፤ እሷ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ስታነብ ስለኖረች፣ ወገቧ ደህና ሆኖ ድምፅዋ ቀድሟት ጡረታ ወጣ። ጠዋት በፔርሙዝ ይዛው የምትመጣው ሙቅ ውሃ እስከ ምሳ ሰዓት ያደርሳታል። ከምሳ በኋላ የቃላቱ መጨረሻ እየተበላ ይወጣል፤ ድምፅዋን የምትቀዳው ቴክኒሻንም ከመቅጃው ክፍል መስተዋት ማዶ ጣቷን አዙራ "ድገሚው" ትላታለች። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷታል። ያቺን ሰባት ወር አንዳንድ ቀን ስታስባት ከሃያ ሰባቱ ዓመት ትረዝምባታለች።

የምትሠራው በአንድ የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን የተለበጠ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ትከሻ ለትከሻ የሚነካካባት ክፍል። ካርቶኑ የተለጠፈው ድምፅ እንዲውጥ ነው፤ አቧራም ይውጣል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ሲቀመጡበት የማይንቋቋ አንድ ወንበር አለ። የቤቱ ሕግ አጭር ናት፦ አንባቢ አይጨምርም፣ አንባቢ አይቀንስም። ጋዜጣ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት አጠገቡ የተቀመጠው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያርመዋል። እዚህ ግን የሚያርም ዓይን የለም። እሷ ያለችው ሁሉ መጽሐፉ ያለው ሆኖ ይቀራል፣ ሰውም ያንን ይዞ ቤቱ ይገባል።

በዚያ ዓመት የተሰጣት ሥራ አዲስ ንባብ አልነበረም። ከአንድ ሺህ አራት መቶ በላይ የሆኑት አሮጌ ካሴቶች ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበረባቸው። ቴክኒሻኗ ካሴቱን ታጫውታለች፣ አንባቢዋ መጽሐፉን ከፍታ በጣቷ እየተከተለች ድምፁና ጽሑፉ መግጠማቸውን ታጣራለች። ማለትም ቀኑን ሙሉ ራሷን ስታዳምጥ ትውላለች። ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ ያፍራል ይባላል፤ የሷ እንኳ ሐፍረቱ ካለፈ ቆይቷል። የቀረው መታከት ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት፣ አንዲት ሴትዮ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በሩ ላይ ስትቆም ነው። ዕድሜዋ ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አጥብቃ የያዘች። የ"ማዞሪያው" እህት ነኝ አለች። ማዞሪያውን በቤቱ የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ሲያገናኝ የኖረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ነው፤ ስሙም ከሥራው መጣበት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየሐሙሱ እየመጣ ያዳመጠውን መልሶ ሌላ ይወስዳል። አንባቢዋን "ጎረቤቴ" እያለ ይጠራታል፤ ለምን ቢሉት፣ ድምፅዋ ከግድግዳው ማዶ ካለው ጎረቤት ይልቅ ቤቱ ውስጥ ስለሚሰማ ነው።

እህትየው ወንበር ተሰጥቷት ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና የመጣችበትን አወራች። የወንድሟ ሚስት የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት "እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብላ ወጥታ በዚያው ቀርታለች። በሌላ ከተማ ባል አግብታ ትኖራለች የሚል አለ፣ ባሕር ተሻግራለች የሚልም አለ፤ ሞታለች ያለ ግን የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ቤቱን ቆልፎ አያውቅም። በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፣ አምፖሉንም ሲመሽ ያበራል። ዓይነ ስውር መብራት አብርቶ ሲያመሽ ጎረቤት እየሳቀ ይጠይቀዋል። "ለእኔ አይደለም፣ ለምትመጣዋ ነው" ይላል። አንድ ቀን ሌባ ገብቶ ሬዲዮኑን ወሰደበት። እህትየው ደንግጣ ብትሮጥ፣ "ምን አለበት፣ ሰው መጣ" ብሎ ሳቀባት።

ቤቱ ያለው ደረጃ በበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለተኛው የእጁ አንጓ ተሰብሮ ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተኝቶ ነው የተገኘው። እህትየው ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ክፍል ባዶ ሆኖባታል። ና፣ አብረን እንኑር፣ እኔም ብቻዬን ነኝ ብላ ለምናዋለች። ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በሩን ማን ይጠብቃል ይላታል፤ ሲመልስላትም ግጥም ነው የሚመልስላት፣ ካሴት ላይ የሰማውን።

"እሱን የሚያህል ትልቅ ሰው በካሴት ይተዳደራል" አለች እህትየው። "ድምፁ ደግሞ ያንቺ ነው። እኔን አይሰማኝም፣ ሐኪሙን አይሰማም። አንቺን ይሰማል። እባክሽ እህቴ፣ ሂድ በዪው።"

አንባቢዋ ግጥሙ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቀቻት። የኮረብታው ቤት የሚሉት ነው አለቻት። አንባቢዋ ግጥሙ ትዝ አላት፣ ማንበቧም ትዝ አላት፤ ቃላቱ ግን ከአእምሮዋ ጠፍተዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያነብ ሰው ያነበበውን ሁሉ ቢያስታውስ ያብድ ነበር። እኔ የተጻፈውን ነው የማነብለት፣ የራሴን ምክር በምን አፌ እነግረዋለሁ ብላ እያዘነች ሸኘቻት። ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወርድ እያንዳንዱ እርከን ላይ ቆም ትል ነበር። አንባቢዋ እስክትጨርስ ከላይ ቆማ አዳመጠቻት።

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በፊት ቴክኒሻኗ ያንኑ ካሴት ከመደርደሪያው አወረደችው። አርባ ዓመት የሞላት፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ምላሷ የሚቆርጥ ሴት ነች። በቀልድ ካልሆነ በቀር ቁም ነገር አታወራም እየተባለች ትታማለች።

መጽሐፉ ቀጭን ነው። ገጣሚው መሬት ሲለካ ኖሮ አንድ መጽሐፍ ብቻ አሳትሞ የሞተ ሰው ነበር፤ ሁለተኛ የሚያሳትምለት አልተገኘም። ግጥሞቹ ስለ ወንዝ፣ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ሄደች ሴት ናቸው። ሰውየው ልቡ የተነካ ዕለት ከተራራ ሥር የሚቆም፣ ነፋስንም እንደ ሰው የሚያናግር ዓይነት ነው። የኮረብታው ቤት የሚለው ከሁሉም ረጅሙ ነው። ካሴቱ ሲዞር የአንባቢዋ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ቀልጣፋ፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ የሚል የሴት ድምፅ። እንዲህ የሚለው ላይ ደረሰ፦

ወንዙ ቁልቁል ሄደ፣ ወፉም ጎጆ ገባ፣
ኮረብታው ጨለመ፣ ረገፈ አበባ፤
መብራቴን አብርቼ፣ በሬን ክፍት ትቼ፣
እጠብቅሻለሁ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ።

ከዚያ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ምንም የለም። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ብሎ ቆመ።

አንባቢዋ በልማድ አብራ ገጹን ገልጣ ነበር። ጣቷ ያረፈው ከገጹ ጀርባ ባሉት አራት ስንኞች ላይ ነው። ቴክኒሻኗ ካሴቱን ገልብጣ ሁለተኛውን ወገን ከፈተች። የዚያን ጊዜዋ አንባቢ የሚቀጥለውን ግጥም ርእስ ጠርታ ማንበብ ጀመረች። መልሰው ገለበጡት፣ እንደገና ሰሙት። አራቱ ስንኞች የትም የሉም።

ያን ቀን ወዲያው ትዝ አላት፣ እንዴት ትረሳዋለች። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የጥየቃው ሰዓት እንዳያልፍባት በግማሽ ዓይኗ መጽሐፉን፣ በግማሹ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነው ያነበበችው። መቅጃው ያለው ከመስተዋቱ ማዶ ነው፤ የዚያን ጊዜው ቴክኒሻን ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፣ የካሴቱንም ማለቅ ያየ የለም። እሷ ግጥሙን እስከ መጨረሻው አንብባ፣ መጽሐፉን ዘግታ፣ ነጠላ ጫማ ታድርግ ቦት ጫማ ሳታውቅ ወጣች። ካሴት ከመገልበጡ በፊት ወደ ኋላ አጠንጥኖ የመጨረሻዋን መስመር መስማት ግዴታ ነው። ጀማሪ እንኳ ይህን አይስትም። እሷ ግን ሳትሰማ ሄደች፤ በማግስቱም እናቷ አረፈችና ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ከሚቀጥለው ግጥም ጀመረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የተፈታው ግን ሌላ ሰው ቤት ነው።

አራቱን ስንኞች ለራሷ ድምፅ ሳታወጣ አነበበቻቸው፣ ከዚያም ግጥሙን ከራሱ ጀምራ እንደገና። ግጥሙ ሌላ ግጥም ሆነ። ከመጀመሪያው የተለወጠ አንድ ፊደል የለም። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ ወፉም ያው ወፍ። ግን በካሴቱ ላይ፣ ነገሩ ጆሮ ሰጥቶ በተቀመጠው ሰው ላይ ሲያልቅ፣ ወንዙ የሚሄደው ሊጠራት ነበር፤ ወፉ ጎጆው የገባው ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል ለማለት ነበር፤ አበባው የረገፈውም ለሚቀጥለው ነበር። ከገጹ ጀርባ ያለው መጨረሻ ሲጨመርበት ግን ወንዙ ሄዷል፣ አበባው ረግፏል፣ ወፉም የገባው ስለደከመው ነው። መጨረሻው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም በራሱ ቀለም ይቀባዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ስታነብ ይህን አላወቀችም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ሰው ላይ ሲደርስ ግን አይታ አታውቅም።

ቴክኒሻኗ ምን ችግር አለው አለች። አራቱን አሁን አንብቢያቸው፣ እቀጥልበታለሁ። አንባቢዋ ገብታ አነበበች፤ ቴክኒሻኗ ቀጥላ አጫወተችው። ጆሮዬን ሰጥቼ ያለችው የአርባ ዓመቷ ሴት ትንፋሿ እየቀደማት ነው፤ ከእሷ ቀጥላ የምትሰማው የኀምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ደግሞ ቃሉን እያነሣች የምታስቀምጥ።

"አክስትሽ የገባች ነው የሚመስለው" አለች ቴክኒሻኗ።

አንባቢዋ አልሳቀችም። ያ የአሮጌው ካሴት ትንፋሽ ነው የከነከናት። ሳያውቅ ለሚሰማው፣ ደጅ ላይ ኮቴ የሰማ ሰው ትንፋሽ ይመስላል፤ ሊፈነድቅ የደረሰ ሰው። የጥየቃው ሰዓት እንዳያልፍባት ስትጣደፍ ነበር እንጂ። ማዞሪያው አሥራ ስምንት ዓመት ተስፋ ብሎ የሰማው ይህን ነው፤ የጎደለ መጨረሻና የቸኮለች ሴት ትንፋሽ።

ንገሪው አትንገሪው በሚለው ላይ ሁለቱ ሴቶች ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ቴክኒሻኗ ዝም በይ ባይ ነች። ሰባት ወር ቀርቶሽ ምን አለፋሽ፣ አዲሱን ቅጂ በሙሉ አንብበሽ ሥራሽን ጨርሺ፤ እሱ አሮጌውን ካሴት ይዞ ይኑር አለች። ከዓመታት በፊት ለራሱ ያስገለበጠው ኮፒ ስላለው ልዩነቱን አይሰማም። ሰው የቆመበትን በርጩማ ከሥሩ አይስቡበትም። አንባቢዋ ይህን ስትሰማ ልክ ነሽ ልትል ከጅሏት ነበር፤ ዝም ማለት ምንም ጉልበት አይጠይቅም፣ እሷ ደግሞ ጉልበት አልነበራትም። ብትነግረው እህትየው ትደሰታለች፤ ይኸው ራሱ ያስፈራት ነበር። የእህትየውን ጉዳይ ልፈጽም ብዬ ነው ወይስ እውነቱን ልነግረው ብላ ራሷን ጠየቀች። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች። ያ ሰው በተሰበረ እጁ መሬት ላይ የተኛው፣ እሷ አንድ ቀን ካሴት ሳታጠነጥን በመሄዷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት የዱላው ኳኳታ ደረጃው ላይ ተሰማ። ማዞሪያው ሃያ ሁለቱን እርከን ቆጥሮ ይወጣል፤ ሲጨርስ "ሃያ ሁለት፣ አልጨመሩም" ይላል ሁልጊዜ። በዚያን ዕለት አላለም። ቀጭን ሰው ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የግራ እጁ አንጓ ገና በፋሻ የታሰረ። አንባቢዋ ክንዱን ይዛ ወደ መቅጃ ክፍሏ አስገባችውና በማትንቋቋው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እሷ ለራሷ ከውጭ ወንበር አመጣች። ቴክኒሻኗ ከመስተዋቱ ማዶ አንገቷን ደፍታ ሥራ ላይ ያለች ትመስላለች።

ብዙ አላዞረችውም። ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ድምፅም አልነበራት። በግጥሙ መጨረሻ፣ ከገጹ ጀርባ፣ አራት ስንኝ ሳይቀዳ እንደቀረ፣ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የራሷ እንደሆነ፣ እናቷ ታማባት ቸኩላ እንደነበር ነገረችው። ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። ሰውየው እጁን ዱላው ላይ አነባብሮ ሰማት።

"አውቃለሁ" አለ።

ምን ታውቃለህ አለችው።

"መቆረጡን ነዋ። የቀረው የግጥሙ አንጓ ሁሉ ስምንት ስምንት ስንኝ ነው፣ ያቺ የመጨረሻዋ አራት ናት። ደግሞስ መቁጠር ምን ያስፈልጋል። ሰው ተናግሮ ሲጨርስና መስመር ሲቋረጥበት ዝምታው አንድ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ስልክ ሳዞር ይህን ካላወቅሁ ምን አወቅሁ? መጀመሪያ የሰማኋት ቀን ነው ያወቅሁት።"

አሥራ ስምንት ዓመት በየሐሙሱ እዚህ እየመጣህ፣ አንድ ቀን እንኳ መጨረሻው ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅኸኝም አለችው።

"ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበራ" አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ነገራት። ባለፈው የወደቀ ዕለት መነሣት ሲያቅተው፣ መሬቱ ላይ እንደተጋደመ ግጥሟን በሆዱ ብሏት ነበር። ጆሮዬን ሰጥቼ የሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮውን ሰጠ። ኮቴ መጣ። በተገረበበው በር ገባ፣ አጠገቡ ደረሰ፣ ትንፋሹ ተሰማው። የጎረቤት ውሻ ነበር። ፊቱን ላሰውና ተመልሶ ወጣ።

ይህን ሲናገር ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዳር አልደረሰም።

"ደከመኝ፣ ጎረቤቴ" አለ። "ዛሬ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት፣ ቀደምሽኝ። አንብቢልኝ።"

መጽሐፉን አነሣች። ከአራቱ ስንኞች ብቻ ልጀምር ወይስ ከራሱ አለችው፤ ከራሱ አላት። ከራሱ ጀመረች። ያን ቀን ግማሽ ዓይኗ ሰዓት ላይ ሆኖ የሮጠችበትን ዛሬ ቀስ እያለች ሄደችበት፤ ጉሮሮዋም ከዚያ በላይ አያስኬዳትም ነበር። ማዞሪያው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላታል። የሚያውቀው ላይ ሁሉ አብሯት ነበር። ገጹን ስትገልጥ ከንፈሩ ቆመ።

ነፋስ መጣ እንጂ አንቺስ አልመጣሽም፣
መብራቴን አጠፋው፣ እኔም አልቆጣሽም፤
የተኛውን ሕፃን እንደሚያለብሱት፣
ቀስ ብዬ ተነሥቼ በሬንም ዘጋሁት።

ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት። ሦስተኛ ጊዜ አላት፤ በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ይቅርታ ብላ ውሃ ጠጣችና ጨረሰችው።

ከዚያ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ ሳይለይ፣ አልተቆጣትም አለ። እኔ እኮ ከተዘጋ ተቆጥቶ ነው የሚዘጋው ብዬ ነበር የፈራሁት አለ። በሩን በጥፊ የሚያላጋው መስሎኝ፣ ሁሉን ረግሞ የሚጨርስ መስሎኝ። ያንን እንዳልሰማ ነው አሥራ ስምንት ዓመት የሸሸሁት። ለካ ሰውየው ደክሞት ኖሯል። ከመጀመሪያውም ደክሞት ኖሯል፣ ወንዙን ሲያይ ጀምሮ።

እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ፈለገ። በእጁ ላይ አደረገችለት። የማያነበውን ገጽ በጣቶቹ ዳበሰው፤ ወረቀቱ ልሙጥ ነው፣ ለጣት የሚናገረው ነገር የለም። ከዚያ መጽሐፉን መልሶ ሰጣትና አንድ ነገር ልጠይቅሽ አላት።

"ከዚህ በኋላ ሌላ መስመር የለም? ያን ጊዜም ከገጹ ጀርባ ነው የቀረው ብለሻል። ገልብጪና እዪልኝ።"

እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም ገለጠችው፤ ገጹ ሲገለጥ ይሰማ ዘንድ ገለጠችው። የሚቀጥለው ገጽ ባዶ ነበር፣ ነጭ። ሰውየው አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር አየችው፤ እየተሰናበተ ያለ ሰው ፊት አልነበረም። አሁንም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም፣ ጆሮውን ሰጥቷል።

በዚያች ቅጽበት ሁለት ስንኝ ወደ አፏ መጡላት። ሳትፈልጋቸው፣ ቤት እየመቱ መጡ። ስለ ንጋት ነበሩ፣ ከተዘጋው በር ውጭ ስለምትቆም ሴት፣ ስለ ቀስታ ማንኳኳት። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ግጥም ስታነብ ለኖረች ሴት ሁለት ስንኝ ምን አላት። ብትላቸው ያምናታል። በዚህ ምድር ላይ እሷን ሊያርም የሚችል ሰው ቢኖር ከመስተዋቱ ማዶ ያለችው ቴክኒሻን ብቻ ነች፤ እሷም አንገቷን አቅንታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እያየቻት ነበር። ይህን ሰው ትወደዋለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር፤ በየሐሙሱ የሚመጣ ሰው ነው እያለች ነው የኖረችው። አንዲት ውሸት፣ እሷም በግጥም፣ ተነሥቶ መብራቱን እንዲያበራ ታደርገዋለች። እንደገናም በዚያ ደረጃ እንዲወድቅ።

"የለም" አለችው። "ባዶ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ሊነሣ እንዳልሆነ ገባት። ሸሚዙን አስተካከለ፣ ፋሻውን በቀኝ እጁ አሻሸ።

"እንግዲያው ለእህቴ ደውዪላት" አላት። "አልጋውን ታንጥፍልኝ።"